ፍላሹ ያልደረሰበት

እናታቸው በሞተች ዕለት፣ ለለቀስተኛው ወንበር ተደርድሮ ሳያልቅ፣ እህቱ ክንዱን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችውና በሩን ገፋ አደረገችው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ያው የለመደው ነው፣ የሚያዝ ድምፅ። የእማዬ ፎቶ ይፈለጋል አለችው። ነገ ጠዋት ሳጥኑ ላይ የሚቀመጥ፣ ተለቅ ያለ፣ ፍሬም የገባ። ሰዉ ከአሁኑ እየጠየቀ ነው። ልጇ ፎቶ አንሺ ሆኖ እናትየዋ ያለ ፎቶ ተቀበረች ከሚባል እሷም አብራ ብትቀበር ይሻላታል።

ፍላሽ ካሜራውን ያዝ አደረገ። ፍላሽ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል የታየበት ቀን ስለሌለ። ቤት ውስጥ ግን ታላቅ ነውና ጋሼ ነው።

እህቱ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። እናታቸው በስልኩ ውስጥ ሞልታለች፤ ፊቷ ግን የለም። መዳፍ ነው። ድስት ስታማስል መዳፍ፣ አልጋ ላይ ተኝታ መዳፍ፣ የልጅ ልጇን ታቅፋ አንዱ እጇ ሕፃኑን፣ ሌላው እጇ ፊቷን ይዞ። ዓይኗን ከታመመች ወዲህ ብርሃን ቦግ ሲልባት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ስለዚህ ማንም ምንም ሲደቅንባት እሷ እጇን ቀድማ ትደቅን ነበር። መታወቂያዋም አልረዳም። ከቀሚሷ ኪስ ሳይወጣ አብሮ ታጥቦ ታጥቦ፣ ፎቶው የነበረበት ቦታ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ሆኗል።

“ከሠርጌ ፎቶ ፈልግልኝ” አለችው። “ያን ቀን ከኋላችን ቆማ ነበር። ጨለማው ውስጥ ብትሆንም አብርተህ ታገኛታለህ። እሱን እንኳ ትችልበታለህ።”

ይህቺ “እንኳ” አላመለጠችውም። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣላትም ነበር። ዛሬ ግን “አየዋለሁ” ብሎ ወጣ። ለቀስተኛውን በጎን አልፎ መንገድ ገባ። ከሠርጉ ፎቶዎች ውስጥ፣ ከኋላ የቆመ ሰው የሚታይበት አንድም እንደሌለ ያውቃል። ሁሉንም ያጠፋቸው እሱ ራሱ ነው።

እህቱ ያገባችው ኢንጂነር ነው። ደህና ሰው ነው ይሉታል። ፍላሽ ደህና ሰው መሆኑን አይክድም፤ ደህናነቱ ለምን እሱ ጋ ሲደርስ እንደሚያልቅበት ነው ያልገባው። ሠርጉ የተደረገበትን አዳራሽ ያሠራው ያው ኢንጂነር ነበር፤ ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ የመጀመሪያው ድግስ የራሴ ይሁን ብሎ ገባበት። ጣሪያው እንደ ሰማይ የራቀ፣ ግድግዳው በየመሃሉ በተጠረበ ድንጋይ የተለበጠ፣ መብራቱ ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ ለዓይን ደስ የሚል፣ ለካሜራ ግን ጠላት የሆነ ቤት ነው። ፍላሽ እንደ ልማዱ አነሳ። ሥራውን ያስተማሩት የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ “ፊቱን አብራው እንጂ ሌላው ምን ያደርግልሃል” ይሉት ስለነበር፣ እድሜውን ሙሉ ፊት ሲያበራ ነው የኖረው። የፍላሹ ብርሃን እጁ አጭር ነው። ከፊት የቆመውን ሙሽራ ያገኘዋል፣ ቦግ ያደርገዋል፤ ከኋላ ያለው ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ ፎቶው ከፊት ወተት፣ ከኋላ ከሰል ሆኖ ይወጣል።

ከሠርጉ ቀን እሱ የሚያስታውሰው ግን ብርሃኑን አይደለም። ምግብ የበላው በሩ ጋ ቆሞ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ነው። የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም፣ አባታቸው ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ በፎቶ ቤት ለሰው መብራት እየያዘ፣ ወለል እየጠረገ እሷን ፋርማሲስት እስክትሆን ያስተማረ ሰው፣ ሳህኑን መኪና ላይ አስደግፎ በላ። ማንም ሂድና እዚያ ብላ አላለውም፤ ና ያለውም ግን የለም። ይኼም ይሁን። የቤተሰብ ፎቶ ይነሳ ሲባል ሁሉም ተኮለኮሉ፤ ሙሽሮቹ ከፊት፣ አክስት ከነልጆቿ በጎን፣ የኢንጂነሩ ወገን እንደ ጅረት እየፈሰሰ መጣ። አክስቱ እጇን አወናጭፋ “ትንሽ ወደ ኋላ በል እንጂ፣ ሁላችንም እንግባ” አለችው።

ሁላችንም። ፍላሽ ወደ ኋላ አለ። ሁሉም ገቡ። ካሜራውን ለአንድ ሰው ስጥና አንተም ግባ የሚል አፍ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጠፋ። እናቱ እንኳ። በተለይ የእናቱን ዝምታ ለብቻው ቋጥሮ ያዘው፤ ሌላውን ቂም አልፎ አልፎ ይረሳዋል፣ ይሄኛውን ግን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ሁሉ ያገኘው ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ዘመድ ሁሉ ለምሳ ኢንጂነሩ ቤት ተጠርቶ ፎቶው በትልቁ ቴሌቪዥን ታየ። አንዱ አለፈ፣ ሌላው መጣ። ሁሉም ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ ጥቁር ነው። ኢንጂነሩ እግሩን አነባብሮ ሲያይ ቆየና ወደ እሱ ዞር አለ።

“ፍላሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የዳርከን?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እህቱም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ግን ሳቀች። ጋሼ ማለት አቅቶት ሰው ፊት ፍላሽ ማለቱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ማስተማር ጀመረ። ብርሃን የሚያስገባውን ሻተር ትንሽ ብታዘገየው ኖሮ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ከፍ ብታደርገው ኖሮ፣ የአዳራሹ መብራት ራሱ ገብቶ ጀርባውን ያበራልህ ነበር። ከኢንተርኔት ያነበበውን ነው የሚናገረው። የፍላሽን አንጀት ያሳረረው ግን ስህተት መናገሩ አይደለም። ልክ ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ይበራ ነበር። ልክ የሆነ ሰው ሲሰድብህ የምትመልሰው የለህም፤ ከስድብ ሁሉ የሚመረው እሱ ነው።

“እመልሰዋለሁ” አለ ፍላሽ። “በኮምፒውተር ይስተካከላል።”

ሊያስተካክለው በእርግጥ ሞክሮ ነበር። ወጉ እንዲህ ነው፤ ፎቶውን ፎቶሾፕ ላይ ትከፍትና ሁለት ታደርገዋለህ፣ አንዱን በሌላው ላይ ትደርባለህ። የላዩን ጨለማው እስኪገለጥ ድረስ ታበራዋለህ። ያኔ ከፊት ያሉት ሰዎች በነጭ ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ በለስላሳ ብሩሽ እነሱን ብቻ እየዳበስክ ከላዩ ላይ ትሸፍናቸዋለህ፤ ከሥር ያለው ደህናው ፊታቸው ተመልሶ ይወጣል። ጠርዝ ጠርዙን፣ ፀጉር ፀጉሩን። ከጨለማ ተጎትቶ የወጣ ነገር ደግሞ እንደ አሸዋ ይነሰነሳል፤ ቀይ አረንጓዴ ፍንጣሪ ይሞላዋል፤ እሱን ደግሞ ቀስ እያልክ ታለሰልሳለህ። ፍላሽ ጥቂቱን እንዲህ ሠርቶ ወሰደለት። ኢንጂነሩ ስልኩን ሳያስቀምጥ በአንድ ዓይኑ አየና ድንጋዩ የት አለ፣ ይሄ ጭቃ ነው አለ።

በማግስቱ ፍላሽ በጠራራ ፀሐይ ወደ አዳራሹ ሄደ። ዘበኛውን አስከፍቶ፣ መጋረጃውን ሁሉ ገልጦ፣ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አቁሞ ባዶውን አዳራሽ አነሳው። ድንጋዩ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ጣሪያው የሚያበራ። ከዚያ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰና ሙሽሮቹንና ከፊት ያሉትን በዙሪያቸው እየቆረጠ አውጥቶ ባዶው አዳራሽ ላይ ለጠፋቸው። አዳራሽህን ፈልገህ የለ፣ እንካ አዳራሽህን። ቀድሞ ባበራቸው ጥቂቶች ላይም ሆነ በቀሩት፣ ጨለማው ውስጥ ማን ማን ቆሞ እንደነበር አንድ ጊዜ እንኳ ልብ ብሎ አላየም። አስተናጋጅ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የማን ልጅ ይሁን፣ ከነጨለማው ቆርጦ ጣላቸው። ሲጨርስ ሁሉንም በዚያው በመጀመሪያው ስማቸው ላይ ሴቭ አደረጋቸው፤ አሮጌው በአዲሱ ተበላ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው ልማዱ፤ አንድ ፎቶ ሁለት ቦታ ሲቀመጥ አይወድም። በዚህ ላይ ያን ጉድጓድ ዳግም ማንም እንዲያየው አልፈለገም። ሜሞሪ ካርዱንም ባዶ አድርጎ ለሌላ ሥራ አዋለው።

ኢንጂነሩ ደስ አለው። አንዱን ትልቅ አሳጥቦ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። የሚገርመው፣ ከኋላ ሰው አለመኖሩን ያስተዋለ አልነበረም። ሁሉም ያየው ራሱን ነው።

ከእናቱ በቀር። አንድ ቀን እዚያው ሳሎን ውስጥ ምስሉ ሥር ቆማ፣ የታመመ ዓይኗን አጥብባ፣ የሚያብለጨልጨው ድንጋይ ላይ ጣቷን አሳርፋ አገኛት።

“ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ጋ ነበርኩ” አለችው።

“ካሜራ ስትሸሺ ነዋ” አላት።

ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አነሳች።

ይሄን ሁሉ እያሰበ ነው የፎቶ ቤቱን መዝጊያ ወደ ላይ የገፋው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ መርዶውን ሰምቶ እግዜር ያጥናህ ለማለት ብቅ ብሎ፣ የፍላሽን ፊት ሲያይ በቆመበት ብሎ ተመለሰ። ፍላሽ መጋረጃውን ስቦ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

የሠርጉን ማኅደር እስከ መጨረሻው ሄደበት። ድንጋይ። ድንጋይ። የሚያበራ ጣሪያ። የራሱ እጅ ሥራ ከፊቱ ተደርድሮ ይስቅበታል። የሙሽራዋ ትከሻ ላይ፣ የአክስቱ ፀጉር ጠርዝ ላይ እየተጠጋ ፈለገ፤ ምናልባት ሲቆርጥ የተረፈ ነገር ይኖራል፣ የቀሚሷ ቁራጭ፣ የነጠላ ጫፍ። ምንም። ለክፋት ሲሆን እንዴት ጥንቁቅ ነበር።

ከዚያ የተበላሹትን አስታወሰ። ለማንም የማይታዩ፣ ለማስተካከልም ያልመረጣቸው፣ ስለዚህም ያልነካቸው። አንዱ ላይ ጫማ ብቻ አለ። አንዱ ላይ የሙሽራው ዓይን ተጨፍኗል። አንዱ ጥቁር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ይሄኛውን ያውቀዋል። የቤተሰብ ፎቶው ላይ ቸኩሎ ሁለተኛ ሲጫን የፍላሹ ባትሪ ገና ስላልሞላ ብርሃኑ ሳይወጣ ቀርቶ ነው። አክስቱ እንዲያውም “ምነው፣ እኛን ሲያይ ደነገጠ?” ብላ አስቃበት ነበር።

ከፈተው። ማብራት ጀመረ። መጀመሪያ የግድግዳው መብራቶች ብቅ አሉ፣ እንደ ጅብ ዓይን ቢጫ። ጨመረበት። የሰው ራስ ቅርጽ ተከታትሎ መጣ፤ ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ አክስት፣ የኢንጂነሩ ጅረት። አሸዋው አብሮ ተነሳ። እንደገና ጨመረበት። ፍላሹ ስላልበራ ከፊት ያሉትና ከኋላ ያሉት እኩል ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ እኩል ቀስ ብለው ይነጋሉ። በመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ አንዱ መብራት ከጎን ያገኛት አንዲት አጭር ሴት ቆማለች።

እጇን ደቅናለች።

“እዚህም?” አለ ፍላሽ ብቻውን። ንዴት መጣበት፤ በሞተች በሰዓታት ልዩነት ተናደደባት። ማንም ባላየሽ ቦታ፣ ብርሃን ባልነካሽ ቦታ፣ እዚህም?

አጎላውና ተጠጋው። ከዚያ እጁ ማውዙ ላይ ቀረ። መዳፏ ወደ ካሜራው አይደለም የዞረው። ወደ መሬት ነው። ጣቶቿ ወደ ታች ታጥፈዋል፣ ጫፍ ጫፋቸው እንቅስቃሴ ላይ ስለነበር ደብዝዟል፤ ልጅ ከመንገድ ማዶ ሲጠራ እንደሚደረገው። ዓይኗም አልተጨፈነም። ያ ክብሪት ሲጫር የሚያለቅሰው ዓይን፣ ፍላሹ ሊበራበት መሆኑን እያወቀ፣ ክፍት ሆኖ ካሜራውን ያያል። ካሜራውን ሳይሆን ካሜራውን የያዘውን። በሌላው ክንዷ አጠገቧ ያለውን ወፍራም ሰውዬ በወገቡ ገፋ አድርጋዋለች፤ በእሷና በእሱ መሃል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው።

ና ነው የምትለው። ና ግባ።

ፍላሽ ተቀመጠ። ተቀምጦ ነበር ቀድሞም፤ ግን አሁን ገና የተቀመጠ ያህል ወገቡ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ልማዱ ነውና ጥፋተኛ ፈለገ። ለምን አልጮኸችም? ሙዚቃው ነው። ለምን በኋላ አልነገረችውም? ነግራዋለች እንጂ፤ እዚህ ጋ ነበርኩ ብላ በጣቷ አሳየችው። ኢንጂነሩን በሐሳቡ አነሳ፣ ጣለው። አክስቱን አነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱን የሚጥልበት ሰው አጣ። ያ ጠዋት ጠዋት ሲታጠብ የሚያገኘው ቂም ደረቱ ውስጥ ቦታውን አልለቀቀም፤ ባለቤቱ ብቻ ጠፋበት።

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። አገኘህ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ከጀርባዋ ለቅሶ ይሰማል።

“አገኘኋት” አላት።

“ፊቷ በደንብ ይታያል?”

ምስሉን አየው። ግንባሯ አለ፤ ዓይኖቿ አሉ። ከአፍንጫዋ በታች ግን እጇ ነው። አፏም አገጯም ከሚጠራው እጅ በስተጀርባ ነው የቀረው።

“ይታያል” አላት።

ምን ይበላት? እጅ ፍሬም አይገባም። ለቀስተኛ እጅ ላይ አያለቅስም። ሕዝቡ ፊት ይፈልጋል፣ እህቱም ፊት ነው ያለችው፤ እሱም እድሜውን ሙሉ ለሰው የሰጠው ፊት ነው። የጎደለውን ከየት እንደሚያመጣ ግን ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ሁሉ ቁርጥ እናቱን ነው ያለው፤ በተለይ ከአፍንጫው በታች፤ ያ ወደ ግራ ጠመም የሚል አፍ፣ ያ ሰንጠቅ ያለ አገጭ። የኢንጂነሩ ወገን እንኳ በሠርጉ ሰሞን ይኼ አገጭ ከእናት ወደ ልጅ ሲሄድ እህትየዋን ዘለላት እያሉ ቀልደው ነበር።

ከጓሮ ባለችው መስታወት ጢሙን ላጨ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አቆመና ደንበኞቹ በሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ በርጩማ ላይ ስንቱን ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ እንዳላለ፣ የራሱ አንገት የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። ፍላሹ ቦግ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ግድ የለም፣ የሚፈለገው ዓይኑ አይደለም።

ከዚያ ሠራ። አፉንና አገጩን ቆረጠ። እጇን አጠፋ፤ ጣት በጣት፤ መጀመሪያ ትንሿን፣ በመጨረሻ አውራ ጣቷን። በባዶው ላይ የራሱን ሥጋ ገጠመ። ቆዳውን ሸበሸበው፣ ዳር ዳሩን አለሰለሰ፣ የሷን አሸዋ በእሱ ፊት ላይ በተነበት፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ እስኪመስሉ። ሰውዬውን፣ ክፍቱን ቦታ፣ ግድግዳውን፣ ሁሉንም አነሳቸው። ጀርባው ምን ይሁን ብሎ ጥቂት አሰበ። ሰማያዊ መጋረጃ አለው፣ የአበባ አለው፣ የአዳራሹ ድንጋይ አለው። ጥቁር አድርጎ ተወው። በየመሃሉ፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን፣ ግራ እጁ ራሱ ሁለቱን ቁልፎች እየተጫነ ሴቭ ያደርግ ነበር። ሲጨርስ ድርብርቡን አንድ ላይ ጨፍልቆ ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ አደረገና ዘጋው። ከማተሚያው የወጣውን ወደ ብርሃን ይዞ አየው። እናቱ ናት። ማንም አይጠራጠርም።

ፍሬሙን አጥብቆ፣ መስታወቱን ወልውሎ ሲያበቃ፣ ከመውጣቱ በፊት ያቺን እጅ አንድ ጊዜ ልያት አለ። ለራሱ ትንሽ አድርጎ ያትማታል፤ ለማንም አያሳያትም፤ ቦርሳው ውስጥ ይከታታል። የጥቁሩን ፎቶ ስም ፈልጎ ከፈተው።

ጥቁር አልነበረም። ጠመም ያለው የራሱ አፍ ከስክሪኑ ላይ አየው።

ወደ ኋላ ለመመለስ ተጫነ፤ የዘጋውን ነገር አይመልስም። የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተ፤ እዚያ የሚገኘው የተጣለ ነገር ነው፣ የተበላ ነገር አይደለም። ማኅደሩን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ ጫማ፣ የተጨፈነ ዓይን፣ ድንጋይ። ግራ እጁን አየው። ጣቶቹ እዚያው ናቸው፤ ሁለቱ ቁልፎች ላይ ዐርፈዋል።

በማግስቱ ሳጥኑ ከመነሳቱ በፊት ፎቶው በላዩ ላይ ቆመ። ዋይታው እንደ አዲስ ተነሳ። አክስቱ ተደፍታ መስታወቱን ሳመችው፣ አፉ ላይ ሳመችው፤ ፍላሽ ሳያስበው ከንፈሩን ጠረገ። አፏን እዩት፣ ልትናገር የመጣች እኮ ነው የምትመስለው አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ ፎቶው አየ። እውነትም ልትናገር የመጣች ትመስላለች ተባባሉ። ኢንጂነሩ በሰው መሃል መጥቶ ትከሻውን ያዘውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ” አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ። “ይሄን የመሰለ ፎቶ ከየት አመጣኸው? እኛ ቤት ያለው ላይ እኮ የለችም።” ያቺን ጋሼ ስንት ዘመን ሲጠብቃት እንደነበር እግዜር ያውቃል። ስትመጣ የምትቀመጥበት አላገኘችም።

ከቀብር መልስ ሰዉ ሲሳሳ እህቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፍሬሙን ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ዓይኗን ከፎቶው ሳትነቅል ማውራት ጀመረች። ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዋ ያልወጣ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን፣ የሠርጓ ዕለት፣ እማዬ ከኋላ ሆና ልጄ አልገባም፣ ልጄ ይግባ እያለች ነበር። በእጇ ስትጠራው ነበር።

“ተይው እማዬ፣ ሥራ ላይ ነው አልኳት” አለች። “እኔ ነኝ ያልኳት ጋሼ። እሷ ግን አልሰማችኝም፣ መጥራቷን አላቆመችም።” አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “አንዱ ላይ እንደዚያ ስትጠራህ ያለችበት ይኖራል። ፊቷ ባይታይም ግድ የለም። ፈልግልኝ።”

ፍላሽ ወደ ደጅ አየ። ሰዎች ወንበር እያነሱ፣ እየደራረቡ ግድግዳ ጥግ ያቆማሉ።

“ያኔ ፍላሹ አልሠራም” አላት።

እህቱ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመለሰች፤ ከፎቶው ቀና ብላ ወደ እሱ አየች። እንደገና ወደ ፎቶው። ከአፍንጫ በታች ቆየች። አሁንም ወደ እሱ።

ፍላሽ እጁን አነሳና፣ ሳል እንደመጣበት ሰው፣ በመዳፉ አፉን ሸፈነ።